ሙቀት ያየ መርፌ

ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዲያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት አንቺና እናትሽ ያላችሁበትን ቤት ይሙላው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከፀሐዩ በቀር የማማርረው የለኝም፤ እዚህ በዚህ ወር ከሱቅ ወደ መኪና የሚኬደው በሩጫ ነው።

እናትሽ ዘሙሩድ፣ ሆስፒታል መቀጠርሽን ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። የአጎቴ የልጅ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳ መድኃኒት ስታድል ማየት ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። አያትሽ ከወራቤ ተነሥቶ ሾላ ገበያ ላይ በርበሬ ሲዘረጋ ይህን አላሰበውም።

በስልክ ትቼ በደብዳቤ የምጽፍልሽ በምክንያት ነው። የንግድ ነገር በስልክ ሲወራ የማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም። ደብዳቤ የሚያመጡልሽ ሰዎች የእኔ ሰዎች ናቸው፤ እየተመላለሱ ዕቃ ይጭናሉ። መልሱንም ለእነሱ ስጪ። በስልክ ሰላምታችንን እንለዋወጥ፤ ሥራ ግን በወረቀት ይሁን።

ከጨርቃ ጨርቅ ወጥቼ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። የሟች ባለቤቴ ወንድም ጠሀ ከሆስፒታላችሁ በር ፊት ለፊት ፋርማሲ እየከፈተ ነው፤ ዕቃውን የማቀርብለት እኔ ነኝ። ከአንቺ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። እናንተ ጋ የሚጠፋው መድኃኒት የትኛው ነው? ሰው ፈልጎ የሚያጣውን ካወቅን እሱን እናመጣለን። ንግዱም ይሄዳል፣ ምስኪኑም ይረዳል።

ዋርዳን አደራ። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ባሏ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ላይ ነው የሚውለው። አያት ሠፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ብቻዋን ነች። ብቅ እያልሽ እያት።

አጎትሽ ሙዘይን


ወሰን ሠፈር፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙዘይን፣

አላህ ጤናዎን አያጓድልብዎ፤ ሥራዎንም ይባርክልዎ። እማዬ ደህና ናት። ዝናቡ የሾላን ገበያ ጭቃ አድርጎታል፤ በርበሬዋን በላስቲክ ሸፍና ትውላለች። የላኩላትን ጨርቅ ለኢድ ብላ አስቀምጣዋለች።

ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ጢሙን ሂና የተቀባው ሰውዬ ነው። ስልክ ሳይደውል ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ በስሜ ጠራኝ። ትንሽ ደነገጥኩ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «ከሙዘይን» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

ስለ ሥራዬ ልንገርዎት። የፋርማሲ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሐኪም ያዘዘውን ማዘዣ ተቀብዬ መድኃኒቱን እቆጥራለሁ፣ አወሳሰዱን እነግራለሁ፣ ለየክፍሉ የሚያስፈልገውን በጋሪ እወስዳለሁ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የማቀዝቀዣውን ሙቀት መለኪያ ነው። አለቃችን ፋርማሲስት ሸዋረጋ ናት። ቁጣዋ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይበርዳል፤ ሥራ ግን ከእሷ ነው የምማረው። ሆስፒታሉ ተራራው ሥር ስለሆነ በዚህ ክረምት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮታችን ድረስ ይመጣል፤ ወረፋ የያዘው ሰው ፊቱ አይታይም፣ እጁ ብቻ ማዘዣ ይዞ ይገባል።

ከአፌ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቃል «የለም» ነው። የጠየቁኝን ልመልስ። በጣም የሚቸግረን ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ነው። ሴት እንደወለደች የሚሰጥ ነው፤ ማህፀኗ እንዲኮማተርና ደሟ እንዲቆም ያደርጋል። ሲመጣ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ባል ወይ ወንድም እስከ መገናኛ ይሯሯጣል። ታዲያ ይህ መርፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ለማምጣት ቀላል ዕቃ አይደለም።

ዋርዳን አየኋት። አጎቴ፣ የምሥራች ልንገርዎት፤ ነፍሰ ጡር ናት። ራሷ ልትነግርዎ ነበር፣ አፈረች።

አክባሪዎ ናዲያ


ሻርጃ፣ መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዲያ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የአላህ ጥበቃ አይለይሽ። አዲሱ ዓመት ለእናንተም ለእኔም የሲሳይ ይሁን። የዋርዳን ነገር ሳነብ ሱቄን ዘግቼ መስጊድ ገባሁ። እናቷ በሕይወት ብትኖር ብዬ አለቀስኩ።

ያልሽው መርፌ ተገኝቷል። ጠሀ ጋ ገብቷል፤ በብዛት ነው የገባው። ከአንቺ ሌላ ነገር አልፈልግም። በመስኮቱ «የለም» ስትዪ፣ «ግን በሩን ተሻግራችሁ ጠይቁ» በዪ። ይኸው ነው። ሰው እስከ መገናኛ ከሚንከራተት ደጃፉ ላይ ቢያገኝ ምን ክፋት አለው?

ለአለቃሽ ጠሀ ዘመዳችን ነው ብለሽ መንገር አያስፈልግም። ሰው ነገር ያጣምማል።

አጎትሽ ሙዘይን


ወሰን፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙዘይን፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን፤ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ። እማዬና ዋርዳ ደህና ናቸው። ዋርዳ ሆዷ ወጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች።

እንዳሉኝ ሰውን ወደ ጠሀ እልክ ነበር። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነው የላክሁት። ባሎች በሩን ተሻግረው ሳይቆዩ ይመለሳሉ፤ ይመርቁኛል።

ባለፈው ሳምንት ከተራራው በላይ ካለ ሠፈር አንዲት ሴት መጣች። እስከ አስፋልቱ ተሸክመው አውርደዋት ከዚያ በባጃጅ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ልጇ አልነበረም፤ ሌሎቹን ያለ ችግር ወልዳለች። ባሏ መስኮቴ ጋ ቆመ። «የለንም፤ በሩን ተሻገር» አልሁት። እንዳይሰበርበት በመሐረብ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞት ተመለሰ። ሲያልፍ «አገኘሁት» አለኝ፤ እየሣቀ ነበር።

መርፌውን ወጓት። ደሟ አልቆመም። ደገሙላት። አልቆመም። ደም ከደም ባንክ እስኪመጣ ሞተች።

አዋላጇ ዳርቱ ትባላለች፤ ይህን ሥራ ከእኔ ዕድሜ በላይ ሠርታዋለች። ከክፍሉ ወጥታ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ውኃ የወጋናት ነው የመሰለኝ» አለች። ሸዋረጋ ሰምታ ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ ከሆስፒታሉ ውጭ የተገዛውን መርፌ ሁሉ በእጇ እየተቀበለች ታየዋለች። በዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ደህናውም የተበላሸውም እንደ ውኃ የጠራ ነው።

አጎቴ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ዕቃው በምን መጣ? በመንገድ ላይ በረዶ ነበረው? ወደብ ላይ ቆይቶ ነበር? ይህን ባውቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አክባሪዎ ናዲያ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዲያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለሞተችው አላህ ይዘንላት፤ ቤተሰቧን ያጽናና። ሴት ልጅ ስትወልድ ከሞት ጋር ነው የምትተያየው፤ ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም። ደግሞ ከተራራ በሸክም የወረደች ሴት መንገድ ላይ ስንት ነገር ይደርስባታል። ሐኪም ያቃተውን ሁሉ በመድኃኒት ማሳበብ ቀላል ነው።

ዕቃው ደህና ዕቃ ነው። በምን እንደመጣ የአንቺ ጭንቀት አይሁን።

ይህች ሸዋረጋ የምትዪያት የት ሠፈር ነው የምትኖረው? ልጆች አሏት? አንድ ስጦታ ልልክላት አስቤ ነው። አዋላጇስ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ጻፊልኝ።

እናትሽን ሰላም በዪልኝ። ሾላ ገበያ የምትሸጥበት መደብ አያትሽ ለእኔ የተወልኝ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሦስት ነጋዴ እንዳከራያቸው ለምነውኛል፤ የዘመድ ነገር ነው ብዬ አልሰጠሁም፤ አሁንም አልሰጥም። ቤተሰብ ተያይዞ ነው የሚኖረው።

አጎትሽ ሙዘይን


ወሰን፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዘይን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ሸዋረጋ የት እንደምትኖር አልጻፍሁልዎትም፤ አሁንም አልጽፍም። ያም ሆኖ አግኝተዋታል። ሰኞ ዕለት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቆማት። ልጆቿን በስማቸው ጠርቶ፣ «ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ናቸው፤ አላህ ያሳድግልሽ» ብሏት ሄደ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ምን ይመስላል ስላት ጢሙን ሂና የተቀባ ነው አለችኝ።

ማን እንደሆነ ዐውቃለሁ አልኋት። ዘመዴ መሆንዎንም ነገርኋት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። በሩን ዘግታ ወንበር ሰጠችኝ፤ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

በምሳ ሰዓት ጠሀ ጋ ሄድሁ። መርፌው ካርቶን ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከሕፃናት ወተት አጠገብ ፀሐይ እየመታው ተቀምጧል።

«ጠሀ፣ ይህ እኮ ፍሪጅ ነው የሚፈልገው» አልሁት።

«ፍሪጁ ነገ ይመጣል። ሙዘይን እስከዛ ምንም አይሆንም ብሎኛል።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? እሱ ነው የሚያውቀው። በበረዶ ነው የመጣው ብሎኛል።»

ጠሀ ሰውን የሚያታልል አይመስለኝም። ያሉትን ያምናል። በማግሥቱ ፍሪጁ እውነትም መጣ። ውስጡ የለስላሳ ጠርሙስ ነው ያለው።

ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ወደዚያ አልልክም። ሸዋረጋም ከጠሀ የተገዛ መርፌ ማዋለጃ ክፍል እንዳይገባ አድርጋለች፤ ለሆስፒታሉ ኃላፊዎች አስታውቃለች። እነሱ ግን እናጣራለን ብለው ዝም ብለዋል።

አጎቴ፣ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ለጠሀ አንድ ቃል ይበቃዋል። መርፌውን እንዲሰበስብ ይንገሩት።

ናዲያ


ሻርጃ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዲያ፣

ሰላም። ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ዋርዳ ስትወልድ አንቺ ጋ ትውለድ። ከጠሀ ቤት የወጣ ምንም ነገር እንዳይነካት። ከሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ የእሷን ከአሁኑ ለይተሽ አስቀምጪላት፤ ለሌላ ሰው አትስጪው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ለጠሀም፣ ለዋርዳም፣ ለባሏም አትንገሪ። በስልክ አንዳች ቃል እንዳታነሺ።

ሙዘይን


ወሰን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዘይን፣

አላህ ለሁላችንም ይዘንልን።

ዋርዳ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እስከ መጨረሻው እንዲያነብቡልኝ ነው። በስልክ የነገሩዎት «ወልዳለች፣ ትንሽ አሟት ነበር» ብለው ነው። እኔ ሁሉንም እጽፍልዎታለሁ።

ምጡ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ መጣ። ባሏ ወደ እኛ ሆስፒታል ሊያመጣት ነበር፤ ከአያት እስከ እኛ ያለው መንገድ ተዘግቶ መኪና አልንቀሳቀስ ሲል፣ እሷም መቆየት ሲያቅታት፣ ቅርብ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ አስገባት። ልጅቷ ወዲያው ተወለደች። ጤነኛ ናት፤ ድምፅዋ ከክሊኒኩ ውጭ ይሰማ ነበር አሉኝ። ከዚያ ደም መፍሰስ ጀመረ። ክሊኒኩ መርፌው አልቆበታል። ባሏን «ፈልገህ አምጣ» አሉት።

ለማን ይደውል? ለሚስቱ አጎት ለጠሀ ደወለ። እኛ ጋ ነው የምትወልደው ብዬ፣ ከጠሀ እንዳይገዛ እኔም አልነገርሁትም ነበር። ጠሀ ሱቁን ሰው እንኳ ሳያስጠብቅ ክፍት ጥሎ ራሱ ሞተር ተሳፍሮ መጣ። ለእህቱ ልጅ ነው። ሙሉ ካርቶን ይዞ ነው የመጣው፤ እንዳይጎድልባት ብሎ።

ባሏ ደውሎልኝ እኔ ስደርስ ሦስተኛውን እየወጓት ነበር። ካርቶኑን አልጋው አጠገብ ሳየው ምን እንደሆንሁ አላውቅም። «አቁሙ፤ ይህ አይሠራም» ብዬ ጮኽሁ። ነርሷ እብድ መስያት ገፋችኝ። ዋርዳ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። «ናዲ፣ ለምን ትጮኺያለሽ? ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ» አለችኝ። ሸዋረጋ ዘንድ ደወልሁ። አምቡላንስ ላከች፤ ከእኛ ማቀዝቀዣ መርፌውን በበረዶ ይዛ ራሷ አብራ መጣች። ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ በቀጥታ ኦፕራሲዮን አስገቧት። ሕይወቷን ለማዳን ማህፀኗን አወጡት።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ አትወልድም።

ጠሀ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «በበረዶ ነው የመጣው አለኝ እኮ» ይላል። ዳርቱ ውኃ ስታቀብለው እሷንም እንዲሁ አላት።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ኅዳር 12 ቀን የጻፉት ደብዳቤ የደረሰኝ ዋርዳ ከኦፕራሲዮን ከወጣች በኋላ ነው። ሂና የተቀባው ሰውዬ በር ላይ ጠብቆ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብሁት። «ከጠሀ ቤት የወጣ ምንም ነገር እንዳይነካት» ይላል። ደግሜ አነበብሁት። የተራራውን ሰው ልጅ፣ የማንንም ልጅ ይንካ፤ የእኔን ልጅ ብቻ እንዳይነካ ማለት ነው።

ያውቁ ነበር።

ደብዳቤው በሰው እጅ እየዞረ ሳለ ደውለው ነበር፤ ምጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሙስ ዕለት ነው፤ እኔ ዋርዳ ቤት ነበርሁ፣ ስልኩን ከፍ አድርጋው አብረን አወራን። ስለ አየሩ ጠየቁ። ስለ ሕፃኑ ልብስ ጠየቁ። ባሏንም አቅርቡልኝ ብለው አነጋገሩት፤ መኪናውን ቀስ ብለህ ንዳ አሉት። ከጠሀ እንዳትገዛ ለማለት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ዝም ብለው፣ ከዚያ ቻው አሉን። ያ ዝምታ ትዝ ይለኛል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን «ሃሎ» እያልን ነበር።

አጎቴ፣ አፍዎ ላይ ደርሶ ነበር። በስልክ ቢሰማብኝ ብለው ዋጡት።

ናዲያ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዲያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ። ከማን ጋር ተነጋግረሻል? አለቃሽ የምታውቀው ምን ያህል ነው? ጠሀ ለማን ለማን ተናግሯል? ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፊልኝ።

ዕቃው ወደብ ላይ ሙቀት አይቶ ነበር። ሌላ ሰው አልቀበልም ያለውን ነው የገዛሁት። ያለኝን ሁሉ አውጥቼበታለሁ፤ አሸዋ ላይ ልደፋው አልቻልኩም። ጨርሶ አይሠራም ያለኝ ሰው የለም፤ ይደክማል ነው ያሉኝ። እዚያ ደግሞ ጭራሽ የለም ትሉ ነበር። ደካማም ቢሆን ከምንም ይሻላል ብዬ ነው።

የዋርዳ ነገር የአላህ ውሳኔ ነው። ሴት ልጅ ሰጥቷታል፤ ታመስግን። ለእሷ ምንም እንዳትነግሪያት። ልቧ አይችለውም።

እናትሽ ከመደቡ ላይ ዕቃዋን እንድታነሣ የሚነግራት ሰው ሊመጣ ይችላል። እንዳይመጣ ማድረግ የምትችዪው አንቺ ነሽ። ሰዎቼ ዕቃውን ከጠሀ ያነሡታል። አንቺ ዝም በዪ፤ እኔም ሁሉን እረሳለሁ።

ሙዘይን


ወሰን፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዘይን፣

ሰላም ለእርስዎ ብዬ ለመጀመር ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ቆየሁ። እማዬ «ሰላምታ አይከለከልም፤ ጻፊው» አለችኝ። ስለዚህ ሰላም ለእርስዎ።

ከማን ጋር እንደተነጋገርሁ ጠይቀውኛል። ከመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ጋር ነው። ሸዋረጋ፣ ዳርቱና እኔ አብረን ሄድን። ሁሉን ነገርኋቸው፤ ሰውን ወደዚያ እልክ የነበርሁት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም። ጠሀም በራሱ እግር መጥቶ ቃሉን ሰጠ። ስምዎን ጠየቁኝ፤ ሙሉ ስምዎን ነገርኋቸው። እኔም ከሥራ ልታገድ እችላለሁ ብለውኛል። ይሁን።

ለእማዬ ዕቃሽን አንሺ የሚል ሰው መጣ። እሷ ግን ከዚያ በፊት አንሥታ ነበር። ደብዳቤዎን አንብቤላት ሳልጨርስ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። አሁን ወሰን፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው የምትሸጠው። የሚገዛት ቀንሷል። «አጎትሽ አባቴን ያስታምም ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም» ትላለች።

ዋርዳ ራሷ ጠየቀችኝ። ሕፃኗን እያጠባች ነበር። «ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «መርፌው እንደማይሠራ እንዴት ዐወቅሽ?» ነገርኋት። «አባቴስ ያውቅ ነበር?» አለች። ዋሽቼ አላውቅም አልልዎትም፤ ያን ቀን ግን አልቻልሁም። «ያውቅ ነበር» አልኋት። አላለቀሰችም። ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረቻትና፣ «ሐሙስ ዕለት ዝም ሲል መስመሩ ነው ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ የማታነሣው ለዚህ ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደጻፍሁበት ጉዳይ ልምጣ። ተቆጣጣሪዎቹ የጠሀን ሱቅ ሲያሽጉ እኔም ነበርሁ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ካርቶኖቹ ከነበሩበት ቦታ አቧራ ብቻ ነው ያገኘነው። ሰዎችዎ ቀድመው ጭነዋቸዋል። ጎረቤት ያለ ጋራዥ ጠባቂ እንደነገረን አይሱዙ ላይ ነው የተጫኑት፤ ጢሙን ሂና የተቀባ ሰው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም።

ሸዋረጋ ለምታውቃቸው ሆስፒታሎች ሁሉ እየደወለች ነው። ሁሉም ጋ ግን አልደረሰችም። ያልደረሰችባቸው ይበዛሉ፤ ስልካቸው የማይሠራ ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ማንም ያልመዘገባቸው ክሊኒኮች አሉ። መርፌው ደግሞ መልኩ ደህና ነው። የሚያየው ሁሉ ደህና ነው ይላል። እንዳልሠራ የሚታወቀው ሴቲቱ ላይ ነው።

አጎቴ፣ ይቅርታ እንዲጠይቁ አልጠይቅዎትም። ወደ አገር ይግቡም አይግቡም አልልም። ካርቶኖቹ የት ከተማ፣ በማን እጅ እንዳሉ ብቻ ይንገሩኝ። ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም። እዚያም ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ባሏ መድኃኒት ሊገዛ በሩን ወጥቷል።

ናዲያ